መኪናው ማታ የት ነው የሚያድረው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር እህታችን ለገና ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ሦስት ሳምንት አገር ቤት ትመጣለች። ወንዱ 11፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ያሉትን የ68 ዓመት እናቷን ጨምራ ቤተሰቡን በሙሉ ባሌ ተራሮች ልትወስድ አስባለች። አንድ አስጎብኚ ድርጅት የአራት ቀን ፕሮግራም ልኮላታል። በመጡ በማግስቱ ተነስተው ዲንሾ ያድራሉ፤ በሁለተኛው ቀን ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ በሦስተኛው የቱሉ ዲምቱን ተራራ ወጥተው ወደ ሐረና ደን ይወርዳሉ፤ በአራተኛው ይመለሳሉ። «ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ወይ? እማዬ ደም ግፊት ስላለባት የከፍታ መድኃኒት ልስጣት? ባለቤቴ ማራቶን ስለሚሮጥ ለእሱ አላስብም» ትላለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሐሳብሽ የተገላቢጦሽ ነው። ከአምስታችሁ ለተራራ የተዘጋጁት እናትሽ ናቸው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ እሳቸው ያንን አየር በየቀኑ ነው የሚተነፍሱት። ባለቤትሽ ግን ባህር ጠለል አጠገብ የሚኖር ሰው ነው። ሩጫ እግር ያጠነክራል፣ ልብ ያጠነክራል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ከሚመጣው የከፍታ ሕመም ግን አያድንም። እንዲያውም በአስጎብኚነት ሥራዬ በጣም ያስቸገሩኝ ስፖርተኞች ናቸው፤ ራሳቸውን ሲፈልጣቸው «እኔን?» ብለው ይደብቁታል፣ ከሁሉ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ማታ ላይ ይወድቃሉ።

«ሀበሻ ነን እኮ፣ ደገኞች ነን» የሚል ነገርም ሁሌ እሰማለሁ። የደጋ ሰው አካል ከአየሩ ጋር የተስማማ መሆኑ እውነት ነው፤ ሳይንቲስቶችም ብዙ አጥንተውታል። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ደጋን የሚያውቀው ከአያቱ ወሬ ነው። አንቺም ብትሆኚ እዚህ አድገሽ ከሄድሽ ዓመታት ስላለፉ ሰውነትሽ እንደገና መልመድ አለበት። ስለዚህ አራታችሁንም እንደ ፈረንጅ ቁጠሪ። አትቀየሚኝ።

አሁን ፕሮግራሙ። አልወደድኩትም። ድርጅቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለወጣት ጎብኚዎች የተሠራውን ገልብጦ ነው የላከልሽ። ችግሩ ቱሉ ዲምቱ አይደለም፣ እሱ 4,377 ሜትር ቢሆንም አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ አለው፣ ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ መውረድ ይቻላል። ችግሩ መኝታው ነው። የከፍታ ሕመም የሚመጣው በአብዛኛው ቀን በወጣሽበት ሳይሆን ማታ በተኛሽበት ነው። የተለመደው ሕግ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኚ የዛሬው ማደሪያሽ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ ይላል። የአንቺ ፕሮግራም ከባህር ጠለል አውሮፕላን ውስጥ ተነስቶ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ዲንሾ 3,100 ገደማ፣ ከዚያ ሳነቴ 4,000 ነው። ሳነቴ ላይ አንድ ትንፋሽ ስትስቢ የምታገኚው ኦክስጅን ሜሪላንድ ከምታገኚው 60 በመቶ ገደማ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ? አይሆንም።

ይሄን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እኔም ልክ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ይዤ ከአውሮፓ የመጣ ቤተሰብ ሳነቴ ላይ አሳድሬ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ብስኩት ሰጠሁት። አንድ ጊዜ ገመጠና ቀሪውን በእጁ እንደያዘ ተቀመጠ። አልበላውም፣ አልጣለውምም፣ ዝም ብሎ ያየዋል። እናቱ «አኩርፏል» አለችኝ፣ እኔም አኩርፏል ብዬ ተውኩት። ሹፌሩ ደግሞ እዚህ በረዶ ላይ አልተኛም፣ ጎባ ከተማ ወርጄ ነዳጅ ሞልቼ ጠዋት እመጣለሁ ሲለኝ እሺ አልኩት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ልጁ ማስመለስ ጀመረ። ቁም ስንለው እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደ። ስልኬን አውጥቼ ሽቅብ ይዤ ብዞር ብዞር ኔትወርክ የለም። ባለፈረሱ ፈረሱን ጫነ፣ ልጁን በጋቢ ጠቅልለን አባቱ ከኋላ ደግፎት በባትሪ ብርሃን ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። ከደሎ መና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ባይደርስልን ኖሮ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ጎባ ስንደርስ ልጁ ዳቦ ጠየቀ። ወርዶ ስለነበር ነው፣ ሌላ ምንም አላደረግንለትም።

ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም አስጎብኚ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «መኪናው ማታ የት ነው የሚያድረው?» ነው። አንቺም ጠይቂ። መልሱ «ከእናንተ ጋር፣ አፍንጫው ወደ መውረጃው ዞሮ፣ ነዳጁ ሞልቶ» ካልሆነ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግሽም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ባሌ ለቤተሰብ ግሩም ቦታ ነው፣ እንዳትተይው። አፍሪካ ውስጥ እንደዚህ ከፍታ ላይ በመኪና የሚወጣበት ቦታ ጥቂት ነው። ያ ወጥመድም ነው፣ ከጎባ 2,743 ሜትር ተነስተሽ አንድ ሰዓት ሳይሞላ 4,000 ላይ ትገኛለሽ። ግን እንደወጣሽው ትወርጃለሽ። ስለዚህ ቀን ከፍ ብሎ መዋል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር፤ ፕሮግራሙን በዚህ ነው የምትሠሪው።

መጀመሪያ ቀኑን አዙሪው። ሦስት ሳምንት አለሽ፣ ምን አስቸኮለሽ? አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቁ፣ ልጆቹ ከአክስቶቻቸው ጋር ይሰንብቱ፣ ገናን እናትሽ ቤት አክብሩ፣ ከገና በኋላ ከጥምቀት በፊት ውጡ። አንድ ሳምንት ከምናምን አዲስ አበባ መተኛት ለሳምባችሁ ነፃ ልምምድ ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለኝ፣ እሱም ጾሙ። እናትሽ የገናን ጾም የሚጾሙ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ ነው የሚውሉት። ተራራ ላይ ደረቅ አየርና ንፋስ ውሃሽን ይመጥጠዋል። ደም ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ ደርቆ እንዲውል አልፈልግም፣ እሳቸውን ግን ጾምዎን ይፍቱ ብሎ የሚደፍር ማን ነው? እኔ ሞክሬ ተቆጥተውኛል፣ የሌላ ሰው እናት። ከገና በኋላ ስትሄዱ ጭቅጭቁ የለም። ወሩም ይመቻል፤ ሌሊቱ ብርድ ቢሆንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው።

መንገዱን እንደዚህ ብትከፍይው ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ሐዋሳ እደሩ። አዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን ይደረሳል፣ ግን ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር መኪና ውስጥ አስር ሰዓት ገደማ መቀመጥ ማለት ነው፣ ጉብኝቱ ሳይጀመር ሁሉም ሰው ይጣላል። ሐዋሳ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ አስጋሪዎቹን እዩ፣ ልጆቹ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባቸው ሲቆሙ ከዚያ በኋላ የምታሳዪያቸውን ሁሉ ሊረሱት ይችላሉ። በሁለተኛው ቀን በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጋችሁ ወደ ባሌ። ዲንሾ ላይ አትደሩ፣ አልፋችሁ ሮቤ ግቡ። ሮቤ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። መንገድ ላይ ጋይሳይ ሜዳ ጋ ሲደርስ ሹፌሩን አቀዝቅዝ በይው፤ የደጋ አጋዘን ከመኪና መስኮት ይታያል፣ ከርከሮውማ መንገድ ይዘጋል።

ሦስተኛው ቀን የዲንሾ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ መግቢያ የሚከፈለውም አስጎብኚ የሚያዘውም እዚያ ነው። በማህበር የተደራጁ የአካባቢው አስጎብኚዎች አሉ፣ ፈረስም ይከራያሉ። የባሌና የአርሲ ሰው ከፈረስ ጋር ነው የሚያድገው፣ ልጆችሽን ባለፈረሱ ላይ ጣይውና አትጨነቂ። ግን ለዕቃ የሚጫን ፈረስና ሰው የሚቀመጥበት ፈረስ አንድ አይደለም፣ ለልጆቹና ለእናትሽ የሚጋለብ ብለሽ ለይተሽ እዘዢ። ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጉዞ በቂ ነው። ከዚያ ጎባ ወርዳችሁ እደሩ።

አራተኛው ቀን ሳነቴ። በጠዋት፣ ግን ሌሊት አይደለም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ በልቶ ነው፤ አይጦቹና ግዙፉ ፍልፈል ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ከጉድጓድ የሚወጡት። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ብዙም አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። ልጆቹ ቀበሮው ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲጠብቅ ማየት አለባቸው። አይንቀሳቀስም። ጆሮው ብቻ። ያኔ ሁሉም መኪና ውስጥ ዝም ይበል፣ ሞተር ይጥፋ። ብስኩት እንዳይወረውሩ ግን ከቤት ጀምረሽ ንገሪያቸው፣ ሰው ያላመደው ቀበሮ ወደ መንደርና ወደ ውሻ ይቀርባል፣ ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል።

ከመኪና እየወረዳችሁ አጭር አጭር ጉዞ አድርጉ፣ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል ሥር ፎቶ ተነሱ፣ ሁሉም ደህና ከሆነ በመኪና ቱሉ ዲምቱ ውጡ። እዚያ ሃያ ደቂቃ። መሮጥ ክልክል፣ ልጁ ከአባቱ ጋር እሽቅድምድም ልግጠም ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ወደ ሐረና ቁልቁል ውረዱና ሪራ አካባቢ ምሳ ብሉ፣ ከሳነቴ ጉም ወጥቶ ደን ውስጥ መግባት ራሱ አንድ ጉብኝት ነው። የጫካ ማርና ቡና ግዢ። ከሰዓት ተመልሳችሁ ጎባ እደሩ። ሐረና ማደር አይከፋም፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ከሐረና ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ ሌሊት ሳነቴን መሻገር ግድ ይላል። ትንንሽ ልጅና የደም ግፊት ታማሚ ይዤ እኔ አላደርገውም። አምስተኛው ቀን ሶፍ ዑመር ዋሻ ወይም ቀጥታ ወደ ቤት፣ እንደ ድካማችሁ።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልቆይ። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ይላል። ልጅ አይልም። ልጅ ምግብ ይተዋል፣ ይነጫነጫል፣ መጫወት ያቆማል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። የስድስት ዓመት ልጅሽ ሳነቴ ላይ የምትወደውን ነገር እንቢ ካለች ኩርፊያ አትበይው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከፍታ ላይ የመጣ ሕመም ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ነው። ጉንፋንም ሊሆን ይችላል፣ የበላችው ምግብም ሊሆን ይችላል፣ ግን መውረድ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ቀላል ራስ ምታት ከሆነ እዚያው ዕረፍት፣ ውሃ፣ ፓራሲታሞል፤ ከፍ ማለት የለም። ካልተሻለ ወይም ከባሰ መውረድ። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ መሄድ ካቃተው ምሳም ፎቶም የለም፣ መኪና ውስጥ ገብቶ ወዲያው ቁልቁል፣ ከዚያ ሆስፒታል።

ከመነሳታችሁ በፊት አንዱ ልጅ ሳል ያለው ጉንፋን ከያዘው ሳነቴን ለሌላ ቀን አሸጋግሪው። የታመመ ሳምባ ከፍታ ላይ ውሃ የመቋጠር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሲወለድ ጀምሮ የልብ ችግር ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ጉዞውን ከማሰብሽ በፊት ሐኪሙን አነጋግሪ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሰው ይዞ ይመጣል፣ ይሁን፣ ግን ጣት ሲቀዘቅዝ ይዋሻል። ቁጥሩን ሳይሆን ልጁን እዪ።

ወደ መድኃኒቱ። ዳያሞክስ የሚባለውን ነው የምትይው መሰለኝ። ለእናትሽ ከራስሽ ተነስተሽ አትስጫቸው። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ከደም ግፊት ክኒኖችም የሚያሸኑ አሉ፣ ተደራርበው ሰውነት ያደርቃሉ፣ ፖታሲየም ያወርዳሉ። ሰልፋ ያለበት መድኃኒት የማይስማማው ሰውም ለሐኪሙ ሳይናገር መውሰድ የለበትም። ሐኪማቸው ጋ ሄደው «4,000 ሜትር ለጥቂት ሰዓት ልወጣ ነው» ይበሉ፣ የሚወስዱትን ክኒን ይዘው። ደም ግፊት ከፍታ ላይ ትንሽ ሊጨምር ስለሚችል መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የዕለት ክኒናቸውን ደግሞ በእጅ ቦርሳ እንጂ ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ አታድርጉት። ለአራታችሁ ሜሪላንድ ያለውን ሐኪማችሁን ጠይቂ፣ የልጆች መጠን በክብደት ስለሚሰላ የትልቅ ሰው ክኒን ገምሶ መስጠት አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ባልኩሽ ፕሮግራም ብዙ ሰው ክኒን ሳያስፈልገው ይመለሳል። ማታ ጎባ ላይ ለብርዱ ብሎ አረቄ መቅመስ ግን ይቅር፣ ይሄ ለማራቶኒስቱ ነው።

ከአስጎብኚው ጋር ስትነጋገሪ ከመኪናው ሌላ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስጥሽ። አንደኛ፣ ዋጋው መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ)፣ ፈረስ፣ የሹፌር አበል ያካትታል ወይ? ሁለተኛ፣ «እንውረድ» የሚለው ማን ነው? መልሱ አስጎብኚው መሆን አለበት፣ እናንተም እሺ ማለት አለባችሁ፣ ገንዘብ አይመለስም ብሎ የሚከራከር ድርጅት ከሆነ ተዪው። በመነሻው ሳምንት ደግሞ ያን መንገድ በቅርብ የነዳ ሹፌር አግኝተሽ የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቂ፣ የጉዞ ኢንሹራንስሽም ያን አካባቢ እንደሚሸፍን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ልብስ ላይ ሰው ሁሉ ካፖርት ያስባል፣ ፀሐይዋን ግን ይረሳታል። ሳነቴ ላይ ብርድም ፀሐይም አብረው ይመቱሻል፤ ልጆች በአንድ ከሰዓት ፊታቸው ይላጣል፣ ከንፈራቸው ይሰነጠቃል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ መነጽር፣ ቫዝሊን። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመግዛት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቢ። ለእናትሽ ጋቢያቸው ከማንኛውም ጃኬት ይበልጣል። ምግብ ደግሞ እዚያ እናበስላለን አትበሉ፤ ውሃው 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ መኮረኒው ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ። ጎባ ወይም ሮቤ ገበያ ጭኮ ካገኘሽ ግዢ፣ ገብስና ቅቤ ነው፣ የአካባቢው ሰው ለብርድ የሚይዘው ስንቅ ነው፣ ልጆቹ መጀመሪያ ያንገራግራሉ ከዚያ ይጨርሱታል።

አዲሱን ፕሮግራም ሲልኩልሽ በእያንዳንዱ ማደሪያ ጎን ከፍታውን በሜትር አስጽፊና እዚሁ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።